ካይዘን የግድግዳ ፖስተር ብቻ ነው እንዴ? «ሊን» የሚባለው አሠራር ለነቀምቴና ለወለጋ ከተሞች ሆስፒታሎች፣ ግቢዎችና ሆቴሎች ምን ይፈይዳል?

አንድ መሥሪያ ቤት ስትገቡ ግድግዳው ላይ «ካይዘን» የሚል ፖስተር ታያላችሁ። ከፖስተሩ ሥር ያለው መጸዳጃ ቤት ደሞ ቧንቧው ከተበላሸ ሦስት ወር ሆኖታል። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቀልድም ሆኗል።

ቀልዱን ለጊዜው እናቆየውና አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ቧንቧው ለምን ሦስት ወር ቆየ? «በጀት የለም» የሚለው መልስ ሁሌ ዝግጁ ነው። ግን አንድ ተራ ቧንቧ ከሆነ ዋጋው ይታወቃል፤ ቧንቧ ሠሪም ከተማው ውስጥ አለ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የጠፋው ገንዘቡ ሳይሆን መንገዱ ነው። ማን ያየዋል? ማን ይጽፈዋል? ማን ይፈርማል? ዕቃው የት ነው? መሰላሉስ ማን ጋ ነው?

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ መንገድ ነው። ፖስተሩ ላይ ያለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ፣ በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል፣ ወለጋ ላይ ምን ምን ተስተካክሎ መሠራት እንዳለበትና የት የት ላይ እንደሚበላሽ እናያለን። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጋችሁም ቢሆን አንብቡት።

ስለ የትኛው ሥራ ነው የምናወራው?

በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ «ጠቅላላ አገልግሎት» የሚባል ክፍል አለ። ጽዳቱ፣ ጥበቃው፣ ጥገናው፣ ጄኔሬተሩ፣ ውሃው፣ ግቢው፣ መኪናው፣ አንዳንዴ ላውንደሪውም ጭምር የሱ ናቸው። ውጭ አገር ይሄ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ «ሌላ ቦታ ያልሆነለት የሚመደብበት» ተደርጎ ይታያል።

እውነታው ሌላ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ጥሩ ሐኪም ኖሮ ውሃ ከሌለ ቀዶ ጥገና የለም። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ኦክስጅን የሚያመርተው ማሽን ይቆማል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዶርሙ ሽንት ቤት ከተዘጋ ተማሪው የሚያጠናው ስለ በሽታ ሳይሆን በሽታውን ራሱን ነው።

ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እያስተማረ ነው፤ ነቀምቴ ላይ፣ ጊምቢ ላይና ሻምቡ ላይ ግቢ አለው። ነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከከተማው አልፎ ከዙሪያው ዞኖች የሚላክ ሕመምተኛ ይቀበላል። እንዲህ ዓይነት ተቋማት እንደ ትንሽ ከተማ ናቸው። የከተማው ማዘጋጃ ቤት ደሞ ጠቅላላ አገልግሎት ነው።

ሊን ከየት መጣ?

ታሪኩ ከድህነት ይጀምራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቶዮታ እንደዛሬው ሀብታም አልነበረም። በ1950 እ.ኤ.አ. ሊከስር ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ሠራተኛ ቀንሷል፣ የሥራ ማቆም አድማም ገጥሞታል። እንደ አሜሪካኖቹ መጋዘን ሙሉ ዕቃ የሚከምርበት ገንዘብም አልነበረውም።

ታይቺ ኦኖ የሚባለው የቶዮታ መሐንዲስና ባልደረቦቹ ትኩረታቸውን ወደ አንድ ጥያቄ አዞሩ፦ «ደንበኛው የማይከፍልበት ምን ሥራ እየሠራን ነው?» ያንን ሥራ «ሙዳ» አሉት፤ ብክነት ማለት ነው። ሰባት ዓይነት ብክነትም ለዩ።

አሜሪካ ውስጥ ይህን አሠራር ያጠኑ ሰዎች በ1988 እ.ኤ.አ. «ሊን» የሚል ስም አወጡለት። ስብ የሌለው፣ ሸንቀጥ ያለ እንደማለት ነው። ካይዘን ደሞ የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በትንሽ በትንሹ፣ በየቀኑ፣ ሁሉም ሰው የሚሳተፍበት መሻሻል ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ነገሩ የተወለደው «ሀብት ሲተርፍ» ሳይሆን «ሀብት ሲጠፋ» ነው። እኛን የሚመለከተንም ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ እንዴት ገባ?

በ2008 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓን ቱኒዝያ ውስጥ ስላገዘችው የካይዘን ሥራ ካወቁ በኋላ «ለእኛም ይሁን» ብለው ጃፓንን ጠየቁ። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ፣ ብዙዎቻችን ጃይካ የምንለው፣ ከ2009 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በ30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ አደረገ። ቀጥሎ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በደንብ ቁጥር 256/2004 ተቋቋመ። ዛሬ የካይዘን ልህቀት ማዕከል የሚባለው ነው።

የጃፓንኛዎቹ አምስት «ኤሶች» ወደ አማርኛ ሲመጡ አምስቱ «ማ»ዎች ሆኑ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ትምህርት ቤት የሸመደዳችሁት ካላችሁ እነሱ ናቸው።

ከፋብሪካ ወደ ሆስፒታል መሻገሩም አዲስ አይደለም። ስሪላንካ፣ ኮሎምቦ ውስጥ ካስል ስትሪት የሚባል የእናቶች ሆስፒታል በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከአምስቱ «ማ»ዎች ጀምሮ ራሱን ለወጠ። ከዛ በኋላ ጃይካ ልምዱን ወደ አፍሪካ አመጣው፤ ታንዛኒያ ውስጥ የምቤያ ሪፈራል ሆስፒታል ከቀዳሚዎቹ ነበር።

እኛም አገር ጤና ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ያወጣው የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያ ለሕንፃና ግቢ አስተዳደር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ ለሕክምና መሣሪያ አያያዝም ሌላ ምዕራፍ አለው። በ2014 እ.ኤ.አ. ደሞ «ካሽ» የተባለው የንጹህና ደህንነቱ የተጠበቀ ሆስፒታል ንቅናቄ ተጀመረ። መመሪያ አልጠፋም ማለት ነው። የጠፋው በየቀኑ የሚሠራው ነገር ነው።

ስምንቱ ብክነቶች፣ በእኛ ቋንቋ

ኦኖ ሰባት ነው ያለው፤ ስምንተኛው በኋላ የተጨመረ ነው። ወደ ጥገናና ጽዳት ስናመጣው እንዲህ ይሆናል።

1. መጠበቅ። ኤሌክትሪሻኑ ቁልፍ ይጠብቃል፤ ቁልፉ ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ነው።

2. መመላለስ። የጽዳት ሠራተኛዋ ውሃ ለመቅዳት በቀን አሥር ጊዜ ሌላ ሕንፃ ድረስ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ደክማለች፤ ያጸዳችበት ሰዓት ግን ከሄደችበት ያንሳል።

3. ማጓጓዝ። የተበላሸ አልጋ ከዋርድ ወደ ስቶር፣ ከስቶር ወደ ጥገና፣ ከጥገና መልሶ ወደ ስቶር ይዞራል። እዛው አንድ ብሎን ቢጠብቅ ያበቃ ነበር።

4. ክምችት። የማንም ያልሆነ ወንበር፣ የሞተ ኮምፒውተር፣ ማኑዋሉ የጠፋ ማሽን ኮሪደር ይዘጋል።

5. ድጋሚ ሥራ። በዚህ ሳምንት የተጠገነው ቧንቧ በሚቀጥለው ሳምንት ያንጠባጥባል፤ ጎሚኒው ሳይቀየር በገመድ ስለታሰረ።

6. የማይፈለገውን አብዝቶ መሥራት። እንግዳ የሚገባበት አዳራሽ በቀን ሦስቴ ይወለወላል፤ የማዋለጃ ክፍሉ ሽንት ቤት አንዴ።

7. የሂደት መብዛት። ለአንድ አምፖል አምስት ፊርማ።

8. የሰው ዕውቀት መባከን። ዘበኛው የትኛው ቧንቧ ሌሊት እንደሚፈስ ያውቃል። ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ስምንተኛው ከሁሉም ይከፋል የምንለው ሌሎቹን ሰባት የሚያዩት ሰዎች እነሱ ስለሆኑ ነው።

አንድ አምፖል ስንት ቀን ይፈጃል?

ምሳሌ እንሥራ። የትኛውም ተቋም ላይ የደረሰ ነው አላልንም፤ እንበል ነው።

ሰኞ የዋርዱ አምፖል ተቃጠለ። ነርሷ ለክፍል ኃላፊዋ ነገረች። ማክሰኞ ደብዳቤ ተጻፈ። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው እስከ ዓርብ ስብሰባ ላይ ናቸው። በሚቀጥለው ሰኞ «ይፈጸም» ብለው መሩበት። ማክሰኞ ሞዴል 20 ተሞላ፣ ስቶር ጠባቂው ግን ፈቃድ ላይ ነው። ረቡዕ ሞዴል 22 ተቆርጦ አምፖሉ ወጣ። ሐሙስ ኤሌክትሪሻኑ መጣ፣ መሰላል የለም። ዓርብ ተገጠመ።

አሥር የሥራ ቀን። በቀን ስምንት ሰዓት ብናስብ 80 ሰዓት ነው። አምፖሉን ለመግጠም የፈጀው 15 ደቂቃ ነው። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

አሁን ሁለት አለቆች እንውሰድ። አንደኛው «ኤሌክትሪሻኑ ሰነፍ ነው፣ ይፍጠን» ይላል። ኤሌክትሪሻኑ በእጥፍ ቢፈጥን 15 ደቂቃው ሰባት ተኩል ይሆናል፤ አምፖሉ ግን ያው በአሥረኛው ቀን ነው የሚበራው። ሁለተኛው አለቃ 80 ሰዓቱን ያያል። ሊን ማለት ሁለተኛው አለቃ ነው። ሰውን ከማሯሯጥ በፊት ሥራው የሚተኛበትን ቦታ መፈለግ ነው።

መፍትሔውም ከባድ አይደለም። «ሁለት ሳጥን» የሚባል ዘዴ አለ። ቶሎ ቶሎ የሚያልቁ ዕቃዎች፣ አምፖል፣ ጎሚኒ፣ ሶኬት፣ የበር እጀታ፣ በጅምላ በአንድ ሞዴል 22 ለጥገና ክፍል ይወጣሉ። ጥገና ክፍል በሁለት ሳጥን ያስቀምጣቸዋል። የመጀመሪያው ሳጥን ባዶ ሲሆን ሳጥኑ ላይ ያለው ካርድ ወደ ስቶር ይሄዳል፤ ሁለተኛው ሳጥን እስኪሞላ ያሻግራል። አዲስ አምፖል የሚወስድ ሰው የተቃጠለውን ይመልሳል። ኦዲተር ሲመጣም ቆጠራው ይገጥማል፣ ነርሷም በጨለማ አታድርም።

አምስት ጊዜ «ለምን?»

ቶዮታ ውስጥ የሚታወቅ ሌላ ልማድ አለ፦ ችግር ሲገጥም «ለምን?» ብሎ አምስት ጊዜ መጠየቅ። አምስት ቁጥሩ ቅዱስ አይደለም፤ ሥሩ እስኪገኝ ነው።

የወለጋን ክረምት የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ዝናቡ ግንቦት ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም አይለቅም፤ ቀዩ አፈር ደሞ ጫማ ላይ ከተጣበቀ ከናንተ ጋር ዋርድ ድረስ ይገባል። እንበል አንድ ጤና ጣቢያ «የጽዳት ሠራተኛ አነሰን፣ ኮሪደሩ አልጸዳ አለ» ይላል።

ኮሪደሩ ለምን ቶሎ ይቆሽሻል? ጭቃ ስለሚገባ።

ጭቃው ለምን ይገባል? ከበሩ እስከ ካርድ ክፍል ያለው መንገድ ሁሌ ስለሚጨቀይ።

ለምን ይጨቀያል? የጣሪያው አሸንዳ ተሰብሮ ውሃው በሙሉ እዛች መንገድ ላይ ስለሚወርድ።

አሸንዳው ለምን አልተጠገነም? የጥገና ጥያቄ ስላልገባ።

ለምን አልገባም? አሸንዳው እንደተሰበረ በየቀኑ የምታየው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ የጥገና መጠየቂያ ፎርም የሚሞላው ግን የክፍል ኃላፊ ብቻ ነው።

አያችሁ? «የጽዳት ሠራተኛ ይቀጠር» ብሎ የጀመረው ጉዳይ «የጽዳት ሠራተኛዋ ፎርም መሙላት ትችል» ላይ ደረሰ። በመሐል አንድ አሸንዳ፣ ትንሽ ጠጠር፣ በር ላይ የምትቀመጥ የጫማ ጭቃ መፋቂያ ብረት አለች። ሦስቱም አንድ ላይ ከአንድ ሰው የዓመት ደመወዝ ያንሳሉ። ሠራተኛዋም በቀን አራቴ ከመወልወል ትድናለች።

ጄኔሬተር በቀን መቁጠሪያ አይጠገንም

መብራት በሚሄድበት አገር ጄኔሬተር ሕይወት ነው። ብዙ ቦታ ግን ሁለት ዓይነት አያያዝ ነው ያለው፦ ወይ እስኪበላሽ ይጠበቃል፣ ወይ «በየስድስት ወሩ ሰርቪስ» ይባላል።

ሁለተኛው የተሻለ ቢመስልም ችግር አለው። የናፍጣ ጄኔሬተር ዘይት የሚቀየረው በሠራበት ሰዓት ነው። ትክክለኛው ቁጥር ማኑዋሉ ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜ 250 ሰዓት አካባቢ ነው። በቀን አራት ሰዓት የሚሠራ ጄኔሬተር 250 ሰዓትን በሁለት ወር ይሞላል። መብራት ጠፍቶ በቀን 12 ሰዓት ከሠራ ደሞ በሦስት ሳምንት ይሞላዋል። «በየስድስት ወሩ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሞተሩን እያቃጠለ ነው።

የሊን ሰዎች የሚሉት ቀላል ነው፦ ያየ ሁሉ እንዲያውቅ አድርገው። ጄኔሬተሩ አጠገብ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል። «ዛሬ የሰዓት ቆጣሪው ስንት ይላል? የሚቀጥለው ዘይት ስንት ላይ ነው?» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ብቻ። ዘበኛውም፣ ሹፌሩም፣ ሥራ አስኪያጁም ሲያልፉ ያያሉ። በሳምንት አንድ ቀን ደሞ ጭነት ተሰጥቶት ይሞከር። ጄኔሬተር አልነሳም ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ባትሪው ነው፤ ባትሪ መሞቱ የሚታወቀው ደሞ ሲሞከር ነው እንጂ ቀዶ ጥገና መሐል ላይ መሆን የለበትም።

የሕክምና መሣሪያም እንዲሁ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በ16 አገሮች ከ112,000 በላይ መሣሪያዎችን ቆጥሮ 38.3 በመቶው እንደማይሠራ አግኝቷል። ከዛ ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ደሞ ከተበላሹት ወደ ሁለት ሦስተኛው መሠረታዊ ሙያ ባለው ሰው ሊጠገን እንደሚችል አሳይቷል። ፊውዝ፣ ገመድ፣ ማጣሪያ፣ ጽዳት። ማለትም «ማሽን የለንም» ከምንልባቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ ማሽን አላቸው፤ ስቶር ውስጥ ተኝቶ ነው።

ስቶሩን ማን ያጸዳዋል?

እዚህ ላይ ወደ መጀመሪያዋ «ማ» እንመለስ፦ ማጣራት። የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለይቶ፣ የማያስፈልገው ላይ ቀይ ካርድ ለጥፎ ማስወጣት። በወረቀት ላይ ከሁሉም ቀላሏ ናት። በእኛ አገር ግን ከሁሉም የምትከብደው እሷ ናት።

ለምን? የመንግሥት ንብረት ዝም ብሎ አይጣልም። ኮሚቴ ይሰየማል፣ ይገመታል፣ ይፈቀዳል፣ ከዛ በሐራጅ ይሸጣል ወይ ይወገዳል። ሕጉ የመጣው ንብረት እንዳይሰረቅ ነው፣ ልክም ነው። ግን የስቶር ጠባቂውን ቦታ ላይ ሆናችሁ አስቡት። የተሰበረ ወንበር አስቀምጦ ቢገኝ ማንም አይጠይቀውም። አስወግዶት ቢጎድል ግን ከደመወዙ ይቆረጣል። እናንተ ብትሆኑስ ምን ታደርጋላችሁ? ታስቀምጡታላችሁ።

ስለዚህ ስቶር ጠባቂውን «አስተሳሰብህን ቀይር» ማለት ፍሬ የለውም። አሠራሩ ነው ማስቀመጥን የሚሸልመው። የሚሠራው ነገር የማስወገጃ ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ቀን አስቀድሞ መቆረጡ ነው፤ ለምሳሌ በየሩብ ዓመቱ። ቀይ ካርዱ ላይ ቀን ይጻፍ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ዝርዝሩ ለኮሚቴው ይግባ። ያኔ ስቶር ጠባቂው ወረቀት በእጁ አለው፤ አይፈራም።

ማጣራት ካልተሠራ የቀሩት አራቱ «ማ»ዎች ቆሻሻን በሥርዓት መደርደር ነው የሚሆኑት።

ወለጋ ቶዮታ ከተማ አይደለችም

መጽሐፍ ላይ ያለውን ሊን እንዳለ ማምጣት ግን አይሠራም። ቶዮታ «በሰዓቱ» የሚለውን አሠራር የቻለው ዕቃ አቅራቢዎቹ ቅርብ ስለሆኑ ነው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ጊምቢ ከዛ ወዲያ ሌላ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ናት፤ ደምቢ ዶሎ ደሞ ገና ናት። ባለፉት ዓመታት በነበረው የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የአካባቢው ሰው ከማንም በላይ ያውቃል።

ስለዚህ «ክምችት ሁሉ ብክነት ነው» የሚለውን እዚህ ላይ ማስተካከል ያስፈልጋል። ዕቃን በሦስት መክፈል ይቻላል።

አንደኛ፣ ነቀምቴ ገበያ ላይ የሚገኝ፦ አምፖል፣ ጎሚኒ፣ ቀለም፣ ሚስማር። ይህንን መከመር አያስፈልግም፤ ሁለት ሳጥን ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ብቻ የሚገኝና ከጠፋ ሥራ የሚያቆም፦ የጄኔሬተር ማጣሪያ፣ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ፣ የኦክስጅን ማሽን ማጣሪያ። ይህ ከወራት ፍጆታ ጋር ተሰልቶ ይቀመጥ። ይህ ክምችት ኢንሹራንስ እንጂ ብክነት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ማንም ለምን እንደገዛው የማያውቀው። እሱ ወደ ቀይ ካርድ።

የፊንጫ ስኳር ፋብሪካን የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። በመፍጨት ወቅት አንድ ክፍል ቢሰበር መላው መስመር ይቆማል፣ የተቆረጠው ሸንኮራ ደሞ አይጠብቅም። ሆስፒታልም ሲታይ የባሰ ነው፤ እዛ የማይጠብቀው ሰው ነው።

የት ላይ ይበላሻል?

ጥሩ ጎኑን ብቻ ተናግረን ብንሄድ ልክ አይሆንም። ሦስት የታወቁ መበላሻዎች አሉ።

የመጀመሪያው «የጉብኝት ካይዘን» ነው። ከክልል እንግዳ ይመጣል ሲባል ግድግዳ ይቀባል፣ መስመር ይሰመራል፣ አበባ ይተከላል። እንግዳው ሲሄድ መስመሩም ይጠፋል። አምስተኛዋ «ማ»፣ ማዝለቅ፣ ሳትጀመር ታልቃለች።

ሁለተኛው ሊንን ሰው መቀነሻ ማድረግ ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ «ይሄን ባልዲ እዚህ ብናደርገው በቀን አንድ ሰዓት ይተርፈኛል» ብላ ሐሳብ ሰጠች እንበል። በዚያ ምክንያት ጓደኛዋ ከተቀነሰች ከዛ በኋላ ማንም ሐሳብ አይሰጥም። ቶዮታ ራሱ በ2001 እ.ኤ.አ. መርሆቹን ጽፎ ሲያወጣ ሁለት ምሰሶ ነው ያቆመው፦ የማያቋርጥ መሻሻል እና ሰውን ማክበር። አንዱ ምሰሶ ብቻውን ቤት አይሸከምም። የተረፈው ሰዓት ለማዋለጃ ክፍሉ ሽንት ቤት ይዋል እንጂ ለመቀነሻ ሰበብ አይዋል።

ሦስተኛው ሊንን የበጀት ምትክ አድርጎ መሸጥ ነው። ውሃ ሳሙና ከሌለ አምስቱም «ማ»ዎች ሳሙና አይወልዱም። ጣሪያው የወደቀ ጤና ጣቢያ ግንባታ እንጂ ቀይ ካርድ አያስፈልገውም። ሊን የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ያለው ነገር የት እንደሚፈስ ያሳያል። ያንን ያሳየ ተቋም በጀት ሲጠይቅ ደሞ ቁጥር ይዞ ይጠይቃል። «ገንዘብ አነሰን» ከማለት «ጄኔሬተራችን ባለፉት ሦስት ወራት ይህን ያህል ሰዓት ሠርቷል፣ ለዘይትና ለማጣሪያ ይህን ያህል ያስፈልጋል» ማለት ይሻላል።

እሺ፣ እኛስ ምን እናድርግ?

አብዛኞቻችሁ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ አይደላችሁም። ግን ስልክ አላችሁ፣ የምትሠሩበትም ቦታ አለ። ፔንሲዮን፣ ካፌ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ዶርም ሊሆን ይችላል። በዚህ ሳምንት መሞከር የሚቻሉ አምስት ነገሮች እነሆ።

አንድ፦ አንድ ችግር ብቻ ምረጡ። አሥር አይደለም፣ አንድ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይበቃል።

ሁለት፦ ቀኑን ጻፉ። መቼ ተበላሸ፣ ለማን ተነገረ፣ መቼ ተሠራ? አንድ ደብተር ወይ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል። ፎቶ ከላካችሁ ቀን ራሱ ይመዘገባል። ሆስፒታል ውስጥ ከሆነ ሕመምተኛ ፎቶ ውስጥ እንዳይገባ፤ ቧንቧውን ብቻ።

ሦስት፦ ሥራው የቆመበትን ቦታ ፈልጉ። ሰው ላይ ጣት አትቀስሩ። «ማን አጠፋ?» ካላችሁ ሰው ይደብቃል፤ «የት ተኛ?» ካላችሁ ሰው ያሳያችኋል።

አራት፦ ዕቃን ቦታ ስጡት። መሰላል ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ከጀርባው ቅርጹ በቀለም ይሳል። መሰላሉ ከሌለ ቅርጹ ብቻውን ይታያል፤ ማን ወሰደው ብሎ ግቢውን መዞር ይቀራል።

አምስት፦ በሳምንት አንድ ቀን 15 ደቂቃ ቆማችሁ አውሩ። ቡና ሲፈላ ቢሆን እንዴት ጥሩ። ጽዳቷ፣ ዘበኛው፣ ሹፌሩ ይገኙ፤ መጀመሪያም እነሱ ይናገሩ። አለቃው መጨረሻ ላይ። አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ደቦ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ሰብል ሲደርስ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ማጭድ እንደሚስል፣ ምሳ ማን እንደሚያመጣ ሳይጻፍ ይታወቃል። ሥራው የሁሉም ስለሆነ ሁሉም ያየዋል። መሥሪያ ቤት ስንገባ የጠፋብን ይህ ነው፤ አሸንዳው የማንም ሆነ። ፖስተሩ ሊያስታውሰን የሞከረውም ይህንኑ ነበር።

እናንተ የምትሠሩበት ወይ የምትማሩበት ቦታ ላይ ከተበላሸ ብዙ የቆየው ነገር ምንድን ነው? የት ላይ ነው የተኛው? የተቋሙንና የሰው ስም ሳትጠቅሱ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። በትንሽ ነገር ያስተካከላችሁት ካለ ደሞ እሱን በተለይ ጻፉልን፤ ለሌላው ይተርፋል። ጠቅላላ አገልግሎት ውስጥ የሚሠራ ወዳጅ ካላችሁም ይህን ላኩለት፤ እስከ ዛሬ ማንም ስለሱ ሥራ ጽፎለት ላያውቅ ይችላል።